ባዶ ቦርሳ ለሁሉም ይመቻል፦ ስለ ካሜራ የጀርባ ቦርሳ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ የምቀርበው ወጣት ፎቶ አንሺ ጋር ቸርችል ጎዳና አካባቢ ወዳለ አንድ ሱቅ ገባን። ልጁ ለጥምቀት ጎንደር ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ስሜን ተራሮች ወጥቶ ጭላዳና ዋልያ ሊያነሳ አስቧል። ባለሱቁ አንድ ጥቁር የካሜራ ቦርሳ ከመደርደሪያ አውርዶ አሸከመውና «ይኸው የኔ ወንድም፣ ጥጥ ነው!» አለው። ልጁ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብሎ ወደ ኪሱ እጁን ሲሰድ ያዝኩት። ቦርሳው ውስጥ የነበረው የተጨማደደ ወረቀት ብቻ ነው።

የዱር እንስሳ ማንሳት በአብዛኛው መጠበቅ ነው። ትከሻው የሚያቃጥለው፣ ወገቡን የያዘው ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይችልም። እንስሳው ሊመጣ ትንሽ ሲቀረው ተነስቶ ወደ መኪናው የተመለሰ ስንት ሰው አይቻለሁ። ስለ ቦርሳ በየሱቁና በየጉዞው የምሰማቸውን የተሳሳቱ ነገሮች በዚህ ምክንያት አንድ በአንድ ላነሳቸው ፈለግሁ።

«ሱቅ ውስጥ ሞክሬዋለሁ፣ ተመችቶኛል»

ባዶ ቦርሳ ለሁሉም ይመቻል። እስቲ የምትሸከሙትን እንደምር። ካሜራው ወደ 900 ግራም ነው እንበል። የኒኮን 200-500 ሌንስ ከነማቆሚያ እግሩ 2.3 ኪሎ ይመዝናል፤ የሶኒ 200-600 2.1 ኪሎ፣ የሲግማ 150-600 ኮንቴምፖራሪ 1.9 ኪሎ። ሁለተኛ ሌንስ፣ ባትሪዎች፣ ባይኖኩላር፣ 2 ሊትር ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ትንሽ ቆሎ ጨምሩበት። ቦርሳው ራሱ ባዶውን ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል። ሳታስቡት 10 ኪሎ ሞላ።

ስለዚህ ከሱቁ አጠገብ ካለ ኪዮስክ ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ አራት ግዙ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልጋችሁም፤ 8 ኪሎ ያዛችሁ ማለት ነው። እንዳይንከባለል በፎጣ ወይም በጋቢ ጠቅልላችሁ ክተቱትና መያዣ ትታችሁ ከለገሃር ተነስታችሁ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት ውጡ። ባለሱቁ ከበር አላስወጣም ካለ የሕንጻውን ደረጃ ለ20 ደቂቃ ውጡ፣ ውረዱ። ከዚያ በኋላ የትኛው ቦታ እንደሚያማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እግራችሁ ከደከመ ደህና ነው፤ የአንገታችሁ ሥር ወይም የትከሻችሁ ጫፍ ከደነዘዘ ግን ቦርሳውን መልሱ። እኔና ልጁ ያን ቀን ያደረግነው ይህንኑ ነው። ጥጥ የተባለውን ቦርሳ ተሸክሞ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳንደርስ ልጁ ትከሻውን እየያዘ መቆም ጀመረ።

«ማንገቻው ወፍራም ስፖንጅ ካለው ትከሻ አይጎዳም»

ይህ ከሁሉም የተስፋፋው ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነውም በዚህ ምክንያት ነው። ባለሱቆች ማንገቻውን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ያሳያሉ፤ ገዢውም ለስላሳ መሆኑን አይቶ ይገዛል። ግን የከባድ ጭነት ቦታ ትከሻ አይደለም፤ ዳሌ ነው። ጎንና ጎናችሁን በአውራ ጣታችሁ ብትዳብሱ የምታገኙት ጠንካራ አጥንት አለ፤ የወገብ ቀበቶው መሃል የሚያርፈው እሱ አናት ላይ ነው። በትክክል ሲታሰር አብዛኛው ክብደት በዳሌ በኩል ወደ እግር ይወርዳል፤ ማንገቻው ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ብቻ ይይዛል። ብዙ የከተማ ካሜራ ቦርሳዎች ላይ ያለችው ሁለት ጣት የማትሞላ ጥብጣብ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ትከለክላለች እንጂ ክብደት አትሸከምም። ቀበቶው ሰፊ፣ ውስጡ ጠንከር ያለ፣ ዳሌን ዙሪያውን የሚያቅፍ መሆን አለበት።

ቀበቶው ግን ቦታው ላይ የሚያርፈው የቦርሳው ጀርባ ከእናንተ ጀርባ ጋር ልኩ ሲገጥም ነው። እዚህ ላይ ሰው ቁመቱን ይናገራል፤ «1 ሜትር ከ80 ነኝ፣ ትልቁን ስጠኝ» ይላል። የሚለካው ቁመት አይደለም። አንገታችሁን ደፋ ስታደርጉ ከኋላ ጎልታ የምትወጣ አጥንት አለች፤ ከሷ ተነስቶ እስከ ዳሌ አጥንታችሁ አናት ያለው ርቀት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፣ ሌላ ሰው ይለካላችሁ። ረጅም እግርና አጭር ጀርባ ያለው ሰው ብዙ ነው።

አንዲት አብራን ባሌ የወጣች እህት በዚህ የተነሳ የደረሰባትን አልረሳውም። ቦርሳዋ የወንድሟ ነበር፤ ጀርባው ይረዝምባታል። ቀበቶው ወደ መቀመጫዋ እየወረደ፣ ክብደቱ በሙሉ ትከሻዋ ላይ ቀረ። ሳነቴ ሜዳ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሲሶ በላይ የሳሳ ስለሆነ ባዶ እጅም ያስተነፍሳል። እኩለ ቀን ሳይሞላ ቦርሳውን መኪና ውስጥ ትታ በእግሯ ትንሽ ወጣ አለች። ቀይ ቀበሮው ፍልፈል ሊያድን ከጓሳው መሃል ብቅ ያለው ያኔ ነው። ቁጥሩ በዓለም ላይ ወደ 500 ብቻ የሚገመት እንስሳ ፊት ለፊቷ ቆሞ ካሜራዋ መኪና ውስጥ ነበር። ለሴት ተብለው የሚሠሩ ቦርሳዎች ልዩነታቸው ቀለም የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። የማንገቻው ስፋትና ቅስት፣ የቀበቶው ዘንበል ማለት፣ የጀርባው ርዝመት ይለያል። እንዲህ ዓይነቱ ካልተገኘ የጀርባው ርዝመት ከፍና ዝቅ የሚል ቦርሳ ፈልጉ።

አስተሳሰሩም ቅደም ተከተል አለው። ሁሉንም አላሉት፣ አንግቱት፣ መጀመሪያ ቀበቶውን ዳሌያችሁ ላይ አጥብቁ፣ ቀጥሎ ማንገቻውን ጀርባችሁን እስኪነካ ሳቡ፣ ከዚያ ከትከሻ በላይ ያሉትን ትንንሽ ማሰሪያዎች ሳብ አድርጉ፤ የቦርሳውን አናት ወደ እናንተ የሚያስጠጉት እነሱ ናቸው። የደረቱ ማሰሪያ የመጨረሻው ነው፣ እሱም ላላ ይበል። ጨነቅ ሲሆን አጥብቆ ማሰር የሚቀናው ሰው አለ፤ በደጋው ላይ የሚያፍነው ግን ራሱን ነው። ሲጨርሱ ጣት በማንገቻውና በትከሻው መካከል በቀላሉ ከገባ ቀበቶው ሥራውን እየሠራ ነው።

«ትልቁን ልግዛ፣ ሁሉም ይገባበታል»

ይገባበታል፤ ችግሩም እሱ ነው። ቦታ ካለ ይሞላል፤ የማታነሱበትን ሌንስ ይዛችሁ ተራራ ትወጣላችሁ። ካልሞላም ዕቃው ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ጎን ይስባችኋል። ለዱር እንስሳ ዋናው ጥያቄ ቦርሳው ስንት ሊትር ነው የሚለው አይደለም፤ የውስጡ ርዝመት ስንት ሴንቲ ሜትር ነው ነው። የሶኒ 200-600 ብቻውን 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ካሜራው ሲገጠምበት ወደ 40 ይጠጋል። ከካሜራ የተለየ ሌንስ ደግሞ እንስሳ ሲመጣ ምንም አይጠቅምም፤ ስለዚህ ተገጥሞ የሚገባበት ቦርሳ ያስፈልጋችኋል። ሱቅ ስትሄዱ ሌንሱን ይዛችሁ ሂዱ። ሲቀመጥም ከባዱ ነገር ወደ ጀርባችሁ ይጠጋ፣ ቀላሉ ወደ ውጭ።

ለጎንደር ወይም ለባሌ ሮቤ በአውሮፕላን የምትበሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ገደብ አለ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ ክፍል በእጅ የሚያዘው ቦርሳ 7 ኪሎ፣ ልኩም 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር ነው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይሄድም፤ ከእናንተ ጋር መሆን አለበት። ስለዚህ ካሜራ፣ ሌንስና ባትሪ በእጅ፤ ትራይፖድ፣ ቻርጀርና ልብስ በሻንጣ። 3 ኪሎ የሚመዝን ቦርሳ ከገዛችሁ ከሰባቱ ኪሎ ሦስቱን ገና ምንም ሳትከቱ ጨረሳችሁ።

«ከፊት የሚከፈተው ለማውጣት ይፈጥናል»

ይፈጥናል፣ ለሌባም ጭምር። ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ዚፑ ወደ ኋላ ያለ ቦርሳ ተሸክሞ መቆም ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም። ጀርባን በሚነካው በኩል የሚከፈት ቦርሳ ተሸክማችሁት ሳለ ማንም አይከፍተውም። በዱር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ ሲቀመጥ የፊቱ ገጽ መሬት ይነካል እንጂ ማንገቻና ቀበቶው ወደ ላይ ስለሚሆኑ ጭቃና ጤዛ ወደ ልብሳችሁ አይመጣም። አንዳንዶቹ ቀበቶው እንደታሰረ ማንገቻውን ብቻ አውልቆ ቦርሳውን ወደ ሆድ አዙሮ ለመክፈት ያስችላሉ፤ ረግረግ ቦታ ላይ ወፍ ለሚያነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ገፈርሳ ግድብ ዳር ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ስጠብቅ መሬቱ በሙሉ ውሃ ያዘለ ስለነበር ቦርሳዬን አንዴም አላስቀመጥኩትም።

ከዚፕ ይልቅ በሚጣበቅ ጨርቅ የሚዘጋውን ግን ተዉት። ሱቅ ውስጥ የማይሰማው «ጨርርር» ንጋት ላይ ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ ድኩላን ያስበረግጋል።

«ውሃ አያስገባም ተብሏል»

ጨርቁ ላያስገባ ይችላል፤ ዚፑና ስፌቱ ግን ያስገባሉ። ከቦርሳው ጋር የሚመጣው የዝናብ ሽፋንም ፊቱን እንጂ ጀርባውን አይሸፍንም፤ ውሃ በአንገታችሁ ወርዶ በዚያ በኩል ይገባል። ካሜራውን ውስጥ ሆኖ የሚጠቀልል ውሃ የማያስገባ ከረጢት ከብዙ ሽፋን ይሻላል። ከጉዞ ስትመለሱ ደግሞ ቦርሳውን ዘግታችሁ አታስቀምጡ። ስፖንጁ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ በክረምት እርጥብ ቦርሳ ውስጥ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታው መስታወቱን ከበላ በኋላ ማጽዳት ብዙም አይመልሰውም።

«የወታደር ቀለም ያለው ቦርሳ እንስሳውን ያታልላል»

አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ቀለም የሚለዩት ከእኛ ባነሰ መጠን ነው፤ የሚያስደነግጣቸው እንቅስቃሴ፣ ድምፅና ሽታ ነው። ወፎች ግን ቀለም በደንብ ስለሚያዩ ከሚያብረቀርቅ ራቁ፤ አፈር፣ ግራጫ ወይም ደብዛዛ አረንጓዴ ይበቃል። የወታደር ልብስ የሚመስለው ኬላ ላይ ጥያቄ ከማስነሳት በቀር እኛ አገር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ወደ ማጎና ኦሞ የምትወርዱ ደግሞ ሰማያዊና ጥቁር ተዉ፤ ፄፄ ዝንብ ወደነዚህ ቀለሞች ይሳባል።

«በቅሎ አለ፣ ቦርሳው ምን ያደርጋል?»

ስሜን ላይ በቅሎ ድንኳንና ምግብ ይጭናል፤ ጭነቱም ብዙ ጊዜ ቀድሞ ሰፈሩ ይደርሳል። እናንተ ደግሞ ሳንቃበርና ጨነቅ በሚባሉት የማደሪያ ሰፈሮች መካከል ገደል ዳር ናችሁ። ካሜራው ከበቅሎው ጋር ከሄደ ዋልያው ለእናንተ አይጠብቅም። በዚያ ላይ በቅሎ በጠባብ መንገድ ጭነቱን ድንጋይ ላይ እያሸ ያልፋል። የካሜራው ቦርሳ ከጀርባችሁ አይለይ፤ በቅሎው ሌላውን ሁሉ ስለሚያነሳላችሁ ቦርሳችሁን ለማቅለል ይጠቅማል እንጂ ቦርሳ የመምረጥን ሥራ አያስቀርም።

«ጥሩ ቦርሳ ለመግዛት ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል»

የካሜራ ስም ያለበት ቦርሳ ዋጋው ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ተራ የተራራ መውጫ ቦርሳ፣ ሰልባጅም ቢሆን፣ ቀበቶና ጀርባው ብዙ ጊዜ ከካሜራ ቦርሳው የተሻለ ነው፤ ለሸክም ታስቦ ነዋ የተሠራው። የሚጎድለው የውስጥ መከፋፈያ ነው። እሱን መርካቶ ያሉ ቦርሳ ሰፊዎች በልክ ይሠሩላችኋል። ቢጫውን የፍራሽ ስፖንጅ ሳይሆን ጠጠር ያለውንና ውሃ የማይመጠውን እንዲጠቀሙ ንገሯቸው፤ ቢጫው በጥቂት ጊዜ ይፈረካከሳል፣ ፍርፋሪውም ካሜራው ውስጥ ይገባል። ሰልባጅ ስትገዙ ዚፑን ዳር እስከ ዳር አሥር ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተሰፋበትን ቦታ ጎትቱት፤ ውስጡን ዳብሱት። ጣታችሁ ላይ የሚጣበቅና የሚፈረፈር ከሆነ ውሃ መከላከያ ቅቡ መላጥ ጀምሯል።

ልጁ በመጨረሻ የገዛው እንዲህ ዓይነቱን ነው፤ መከፋፈያውን መርካቶ አሠርተንለት ከመጀመሪያው ቦርሳ ዋጋ ግማሹን አላወጣም። አሁን ሌንሱን ይዞ አራት ኪሎ ሰፈር ካለው ቤቱ እስከ ሥራው በየቀኑ ይሸከመዋል፤ ማታ ማታም መብራት አጥፍቶ ዚፑን ማግኘትና ካሜራውን ሳይጋጭ ማውጣት ይለማመዳል። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ያደሩበትን ገደል ትተው ወደ ሜዳው የሚወጡት በማለዳ ነው፤ ቦታ ይዞ ለመጠበቅ ገና በጨለማ ቦርሳውን መክፈት ይኖርበታል።