ምላስ ሲነድድ፦ ስለ አፍ ማቃጠል ሕመም የሚባለውና እውነታው

ሻይ ሳይቀዘቅዝ ፉት ብሎ የምላሱን ጫፍ ያልተቃጠለ ሰው የለም። ይሻክራል፣ ይለበልባል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይረሳል። እኔንም የጀመረኝ ልክ እንደዚያ ነበር፤ ልዩነቱ በዚያ ቀን ትኩስ ነገር አለመቅመሴ ነው። ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ። ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ምላሴን አውጥቼ በእጅ ባትሪ አበራበታለሁ። የማየው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እርጥብ፣ ሮዝ፣ የማንንም ጤነኛ ሰው ምላስ የሚመስል ምላስ። እሱ ግን ይነድዳል።

ሐኪሞች ይህን በርኒንግ ማውዝ ሲንድረም ይሉታል፤ በእኛው ቋንቋ የአፍ ማቃጠል ሕመም ብንለው ያስኬዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የምላስን ጫፍና ጎን፣ የታችኛውን ከንፈር ውስጠኛ ክፍል፣ የላንቃንም የፊት ክፍል ነው። በብዛት የሚታየው የወር አበባቸው በተቋረጠ ሴቶች ላይ ነው፤ ወንዶችንና በዕድሜ የሚያንሱትንም ግን አይምርም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከዚያ በፊት የሰማኋቸው ነገሮች ከሕመሙ ባልተናነሰ አንገላትተውኛልና አንድ በአንድ ላንሣቸው።

«የሚታይ ቁስል ከሌለ ሕመም የለም»

የመጀመሪያው ሐኪም ምላሴን በቁስል ፋሻ ይዞ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አገላብጦ አየ፤ ጓንቱን አወለቀና «ምንም የለብዎትም» አለኝ። ቅን ሰው ነበር፤ ያላየውን አላየሁም ነው ያለው። እኔ ግን ከክፍሉ የወጣሁት ውሸታም የተባልኩ ያህል አፍሬ ነው።

እውነታው ተቃራኒው ነው። አፉ ጤናማ መስሎ መታየቱ ሕመሙን አያስተባብልም፤ እንዲያውም ከመለያዎቹ አንዱ ነው። በዓለም አቀፉ የራስ ምታት ሕመሞች አመዳደብ መሠረት፣ ይህ ስም የሚሰጠው የማቃጠል ስሜቱ በየዕለቱ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ ሲቆይ፣ ከ3 ወር በላይም ሲዘልቅና ለዚያ ምክንያት የሚሆን የሚታይ ጉዳት አፍ ውስጥ ሲታጣ ነው።

ጉዳቱ ያለው ዓይን በማይደርስበት ቦታ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከታማሚዎች ምላስ ላይ ቅንጣት ናሙና እየወሰደ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በምላስ የላይኛው ሽፋን ውስጥ የሚገኙት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ከጤነኞቹ ይልቅ ሳስተው አገኛቸው። ሙቀትንና ሕመምን የሚያስተላልፉት እነዚህ ክሮች ናቸው። ሌላም አለ። ከምላስ የፊት ክፍል ጣዕምን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭና ሕመምን የሚያደርሰው ነርቭ የተለያዩ ናቸው። አንዳንድ ተመራማሪዎች የጣዕሙ ነርቭ የሕመሙን ነርቭ እንደ ልጓም ይዞት እንደሚኖር፣ እሱ ሲደክም ልጓሙ እንደሚላላ ያስረዳሉ። ይህ ማብራሪያ ልቤን ያሳረፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከማቃጠሉ ጋር አፌን ብረት ብረት ይለኝ ነበር፤ ሳንቲም ስልስ የዋልኩ ይመስል። ሁለቱ ለምን ተያይዘው እንደመጡ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ጭንቀት የወለደው ነው»

እንዲህ የሚሉን አብዛኛውን ጊዜ የሚወዱን ሰዎች ናቸው። ታላቅ እህቴ «አታስቢው፣ ይተውሻል» ትለኝ ነበር። ላለማሰብ ሞከርኩ። ምላስ ግን እንደ ጉልበት ወይም እንደ ክርን አይደለም፤ ስንናገር፣ ስንውጥ፣ ዝም ስንልም ከጥርስ ጋር እየተነካካ ራሱን ሲያስታውስ ይውላል።

ጭንቀትና ድብርት ይህ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት መታየታቸው እውነት ነው። ሕመሙን እንደሚያባብሱትም አልክድም፤ ያላስተኛኝ ሌሊት በማግስቱ ምን እንደሚያስከፍለኝ አውቃለሁ። ግን ከጠዋት እስከ ማታ አፉ የሚነድድ፣ በዚያ ላይ «ምንም የለብህም» የተባለ ሰው ባይጨነቅ ነበር የሚገርመው። የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ ሳይጠየቅ ሁሉን በጭንቀት ላይ ማላከክ ታማሚውን ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው።

ከዚህ አመለካከት የሚከተል ሌላ ጉዳት አለ። ሰዎች የሥነ ልቦና ሕክምና ሲታዘዝላቸው «አብደሃል ተባልኩ» ብለው ይሸሻሉ። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ሸሽቻለሁ። ይህ ሕክምና የሚጠቅመው ሕመሙ ምናባዊ ስለሆነ አይደለም። ሕመምን በመጨረሻ የሚተረጉመው አንጎል ነው፤ ፍርሃትና ትኩረት ደግሞ ትርጉሙን ያከብዱታል። «ምላሴ ሊበሰብስ ነው» የሚለውን ሐሳብ «ነርቩ ተበሳጭቷል፣ አደጋ ላይ ግን አይደለሁም» ወደሚለው መመለስ ስማር ማቃጠሉ አልጠፋም፤ ቀኔን ግን መልሶ ሰጠኝ።

«ካንሰር ነው»

ሁላችንም በልባችን የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። የአፍ ማቃጠል ሕመም ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም።

ይህን ለማለት ግን አስቀድሞ አፉ በሚገባ መመርመር አለበት። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ የማይጠፋ ቀይ ወይም ነጭ ሽፍታ፣ እብጠት፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚሰማ ሕመም ወይም መደንዘዝ፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ነገሩ ሌላ ነውና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። የእኛ ማቃጠል አብዛኛውን ጊዜ ግራና ቀኙን እኩል ይይዛል። አንዴ ተመርምረው «የለም» ከተባሉ በኋላ በየማታው መስታወት ፊት መቆም ግን ፍርሃቱን ከመቀለብ በቀር የሚፈይደው የለም።

«ምላስሽ ነጭ ነው፤ ፈንገስ ነው፣ በደንብ አጽጂው»

በራሴ ላይ ከሠራኋቸው ስሕተቶች የከፋው ይህ ነው። በምላስ ጀርባ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን መኖሩ በጤነኛ ሰውም ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ጠዋትና ማታ በብሩሽ ፈገፈግሁት። አልኮል ባለበት የአፍ ማጠቢያ ተጉመጠመጥኩ፤ ሲያንገበግበኝ «እየሠራ ነው» አልኩ። በተበሳጨ ነርቭ ላይ የማደርገው ብሩሽም አልኮልም ሌላ እሳት እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም።

በርግጥ ፈንገስ አፍን ሊያቃጥል ይችላል፤ በተለይ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚያደርጉ፣ የስኳር ሕመም ባለባቸው፣ አንቲባዮቲክ በወሰዱ ወይም ለአስም ስቴሮይድ በሚስቡ ሰዎች ላይ። ናሙና ተወስዶ ከተገኘ ይታከማል፤ ማቃጠሉም አብሮ ይሄዳል። ሳይመረመሩ፣ ወይም አንድ ዙር ታክመው ለውጥ ካጡ በኋላ፣ ያንኑ የፈንገስ መድኃኒት ሦስቴና አራቴ መደጋገም ግን ጊዜ ማባከን ነው።

«ጥርሱ ይነቀል»

አይነቀል። በነርቭ ላይ ያለ ችግር ጤነኛ ጥርስ በማውጣት አይወገድም፤ የወጣው ጥርስም አይመለስም። በልኩ ያልተሠራና ድድ የሚፈገፍግ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ እሱን ማስተካከል ተገቢ ነው። ጥርስ የማንገጫገጭ ወይም ምላስን ወደ ጥርስ የመግፋት ልማድ ካለም ለሐኪሙ መንገር ይጠቅማል።

«ቫይታሚን ሲያንስ ነው፤ ኪኒን ግዢና ይለቅሻል»

ይህኛው ግማሽ እውነት ስላለው አደናጋሪ ነው። ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። አንዱ፣ ሌላ በሽታ ወይም እጥረት የሚያመጣው ማቃጠል ነው። የብረት፣ የቢ12፣ የፎሊክ አሲድና የዚንክ ማነስ፣ የስኳር ሕመም፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የምራቅ መድረቅ፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ፣ ለጥርስ ሳሙና ወይም ጥርስ ለሚሞላበት ነገር አለርጂ መሆን ሁሉም አፍን ሊያቃጥሉ ይችላሉ። እነዚህ ሲታከሙ ማቃጠሉም ይሻላል። ሁለተኛው፣ ይህ ሁሉ ተፈልጎ ታጥቶ ነርቩ ብቻ የቀረበት ነው። ለዚህ የቫይታሚን ክኒን መፍትሔ አይሆንም።

ስለዚህ መጀመሪያ የደም ምርመራ ነው። የጎደለ ከተገኘ የጎደለው ይሞላል። ሳይመረመሩ መዋጥ ግን ጉዳት አለው፤ ብዙ ቢ6 ለረጅም ጊዜ መውሰድ ራሱ ነርቭን ይጎዳል፣ ከልክ ያለፈ ዚንክ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ያለውን መዳብ ያሳንሳል። ነርቭን ለማዳን ተብሎ ነርቭን መጉዳት ያሳዝናል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመድኃኒት ጉዳይ ነው። እንደ ካፕቶፕሪል፣ ኤናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ያሉት የደም ግፊት መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ አፍ ያቃጥላሉ፤ ምራቅ የሚያደርቁም ብዙ ናቸው። የምትወስዱትን ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ማቃጠሉ ከጀመረበት ወር ጋር አነጻጽራችሁ ለሐኪሙ አሳዩት። በራሳችሁ ፈቃድ ግን አንዱንም አታቋርጡ። ግፊቱ ሲያሻቅብ የሚመጣው ጣጣ ከምላስ ማቃጠል ይብሳል፤ ሐኪሙ በሌላ ዓይነት ሊተካው ይችላል።

«መብላት ያባብሰዋል»

ለወራት ምግብ ፈርቼ ከሳሁ። አንድ ቀን ግን ልብ ብዬ ስከታተል፣ በምበላበት ጊዜ ማቃጠሉ ጋብ ይል ነበር፤ የሚመለሰው ሳህኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ አይደለም። ብዙ ታማሚዎች ሲበሉ ወይም ሲጠጡ ፋታ ያገኛሉ። ብዙዎችም ጠዋት ሲነሡ ደህና ሆነው፣ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ እየጨመረ፣ ወደ ማታ ይበረታባቸዋል። ይህን ሂደት ለሐኪም መናገር ለምርመራው ይረዳል፤ የአፍ ቁስል ምግብ ሲነካው ነውና የሚብሰው።

የሚያባብሱ ምግቦች የሉም ማለቴ አይደለም። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ አልኮልና በጣም ትኩስ መጠጥ ብዙዎችን ያነድዳሉ፤ ሲጋራም እንዲሁ። ሁሉን ባንድ ጊዜ ከመተው ይልቅ አንድ በአንድ እየተዉ መፈተን ይሻላል። የጥርስ ሳሙናውን ቱቦ አዙሮ ማንበብም ተገቢ ነው። ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚባለው አረፋ አውጪ፣ ጠንካራ ሚንትና ቀረፋ ለእንዲህ ያለ አፍ አይስማሙም፤ ሳሙናዬን መዓዛ በሌለው ከቀየርኩ በኋላ ጠዋት ጠዋት የነበረኝ ሰላም ረዝሟል።

በቀን ውስጥ የማገኘው ትልቁ እፎይታ ግን ባቄላ የምታህል የበረዶ ቅንጣት ናት። ከምላሴ ጫፍ በታች አደርጋታለሁ። አትታኘክም፤ ዝም ብላ ትቀልጣለች። መጀመሪያ ቅዝቃዜው ይወጋል፣ ከዚያ ማቃጠሉ እየራቀ ይሄዳል። ስብሰባ ላይ ሆኜ በረዶ ሳጣ ቀዝቃዛ ውኃ ፉት እላለሁ ወይም ስኳር የሌለው ማስቲካ አላምጣለሁ፤ ማስቲካው ምራቅ ያመጣል፣ ምላስንም ሥራ ያስይዘዋል።

«መድኃኒት የለውም»

በሁሉም ሰው ላይ የሚሠራ አንድ ፈዋሽ መድኃኒት የለም፤ የሚያስታግስ ግን አለ። ጥናት ከተደረገባቸው ውስጥ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ክሎናዜፓም ነው። ክኒኑ ሳይዋጥ ለ3 ደቂቃ ያህል አፍ ውስጥ ተይዞ፣ ምራቁን ሕመሙ ባለበት ቦታ አቆይቶ መትፋት ነው። ይህ ክኒን እንቅልፍ ያመጣል፣ ሱስም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝና ክትትል የሚነካ አይደለም። አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲንም ለነርቭ ሕመም በአነስተኛ መጠን ይታዘዛሉ፤ አሚትሪፕቲሊን አፍ ስለሚያደርቅ ምራቁ ለጎደለ ሰው አይመችም። ከቃሪያ የሚወጣው ካፕሳይሲን ሲደጋገም የሕመም ነርቮችን ያደነዝዛል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን መቻል ይጠይቃል። አልፋ ሊፖይክ አሲድ በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በኋላ የተደረጉት ግን መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን እምብዛም እንደማይበልጥ አሳይተዋል።

አንዱ ለሦስት ቀን ተሞክሮ «አልሠራም» አይባልም። የሕመሙን መጠን ከ0 እስከ 10 እየሰጡ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በደብተር መመዝገብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እኔ ምንም ለውጥ የለም ብዬ ላቋርጥ ስል የማታዬ ቁጥር ከ8 ወደ 5 መውረዱን ያሳየኝ ደብተሬ ነው።

«አንዴ ከያዘ አይለቅም»

በአንዳንድ ሰው ላይ እንደመጣ ሳይታሰብ ይሄዳል፤ ይህ ግን ጥቂት ነው። በብዙዎች ላይ ለዓመታት ይቆያል፤ አንድ ሰሞን ጋብ ይላል፣ አንድ ሰሞን ይነሣል። ቀስ በቀስ እየለዘበ የሚሄድላቸውም አሉ፤ እኔ ከእነዚህ ነኝ። ዛሬ ቁርሴን ጨርሼ ሳህን ሳጥብ ምላሴን ከነቃሁ ጀምሮ እንዳላስታወስኩት ልብ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። 4 ብዬ መዘገብኩና በረዶዬን አነሣሁ።