«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ ድሩ የማን ነው? አንበሳውስ?

ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ፣ ከሱሉልታ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ዕድር ሲሰበሰብ፣ መዋጮ ሲጠየቅ፣ ካድሬ ማይክ ሲጨብጥ ከአፍ የማይጠፋ ተረት አለ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። ደካሞች ቢተባበሩ ኃያሉን ያሸንፋሉ ማለት ነው ተብሎ ይታለፋል። ስሕተት አይደለም፤ ግን ግማሽ ፍቺ ነው። አራቱ ቃላት በየራሳቸው ቢፈተሹ ተረቱ ከዚህ ይልቅ ጠንቃቃ ሆኖ ይገኛል። ጥንቃቄው በተለይ የሚታየው ስለ ፓርቲዎች ጥምረት ሲነገር ነው።

«ድር» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሸረሪት በጓዳ ጥግ የምታደራው ነው። ብዙ ሰው ተረቱን ሲሰማ በዓይነ ልቡናው የሚመጣለት ይኸው ነው፤ በትንፋሽ የሚበጠስ ነገር የዱር ንጉሥን ሲተበትብ። ሁለተኛው የሸማኔ ድር ነው፤ በቁመቱ ተወጥሮ ማጉ በወርዱ የሚመላለስበት ክር። ስሙም ግሱም አንድ ነው፤ ሸረሪትም ታደራለች፣ ሸማኔም ያደራል። ለተረቱ የትኛው ይስማማል ቢባል ሚዛኑ ወደ ሸማኔው ያደላል። ምክንያቱ «ቢያብር» የሚለው ግስ ነው። የሸረሪት ድር ከአንድ ሸረሪት ሆድ የወጣ የአንድ ሸረሪት ሥራ ነው፤ ከማን ጋር ያብራል? ማበር የሚጠየቀው ለየብቻ የተፈተለ፣ ከተለያየ እንዝርት የመጣ ክር ነው።

ነገሩን በዓይን ለማየት ወደ ከተማው ሰሜን ጫፍ፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ መውጣት ይበቃል። እዚያ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወደ ታች ሰደው ይሠራሉ። የድሮው መንገድ ይታወቃል፤ ጥጡ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት ይፈተላል፣ በመጨረሻ ልቃቂት ይሆናል። ዛሬ ድሩ በብዛት የፋብሪካ ክር ነው፤ የእጅ ፈትል ለማግ ይቀመጣል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ድር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተወጥሮ ይኖራል፣ በእያንዳንዱ የእግር ምት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከረር ያለ ክር ይፈልጋል። ማግ ይሞላል እንጂ አይወጠርም፤ ቢለሰልስ ግድ የለም፣ እንዲያውም ለነጠላው ምቾት የሚሰጠው እሱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ድሩ ሲዘረጋ ነው። ክሮቹ እኩል ካልተወጠሩ የላላው ጨርቁን ያጨማድዳል፣ ከሌሎቹ ይልቅ የተወጠረው ደግሞ ሸክሙን ብቻውን ይዞ ቀድሞ ይበጠሳል። የተበጠሰው ወዲያው ካልተቀጠለ ከዚያ በኋላ የሚሸመነው ሁሉ ስንጥር መስመር ይዞ ይሄዳል፤ ገዢ ነጠላውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ የሚያየው ይህንኑ ፍለጋ ነው። አንዷን ክር ሕፃን ይበጥሳታል። ተዘርግቶ የተወጠረውን ድር ግን ጎልማሳም በእጁ አይበጥሰውም።

ወደ ሰዋስው እንለፍ። አንዳንዱ «ድር ሲያብር» ይላል። ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው፣ ትርጉሙ ግን ይርቃል። «ሲያብር» የሆነ ነገር ነው፤ እያበረ ነው፣ ስለዚህም ያስራል። «ቢያብር» ገና ያልሆነ ነው፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። የተለመደው አባባል «ቢ»ን መያዙ ትልቅ ነገር ነው። «ያስር» ደግሞ «ያስራል» መባል የነበረበት ነው፤ ከ«ያብር» ጋር ቤት እንዲመታ አጥሯል። ከሁሉ በላይ ልብ የሚባለው የግሱ ምርጫ ነው፤ ይገድላል አላለም፣ ያሸንፋል አላለም፣ ያስራል ነው ያለው። የታሰረ አንበሳ በሕይወት አለ። ድሩም እስሩ እስካለ ድረስ ተወጥሮ መቆየት አለበት። አንበሳው ከታሰረ በኋላ ክሮቹ እርስ በርስ ምን ይሆናሉ ለሚለው ጥያቄ ተረቱ መልስ የለውም።

ለዚህ ጥያቄ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚኖር ሰው ከኦሕዴድ (የኦሮሞ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት) ታሪክ የበለጠ ቅርብ ምሳሌ የለም፤ ዙሪያውን ለሃያ ሰባት ዓመት ያስተዳደረው እሱ ነውና።

ኦሕዴድ መጋቢት 17 ቀን 1982 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ደራ ተመሠረተ። (የቦታው ስምና «ድር አደራ» መመሳሰላቸው አጋጣሚ ነው፤ ለተረት አፍቃሪ ግን ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።) የትግራዩ ሕወሓትና በኋላ የአማራው ብአዴን የሆነው ኢሕዴን ቀደም ብለው ኢሕአዴግ የሚባለውን ግንባር አቁመው ነበር። አዲሱ ድርጅት በኢሕዴን ውስጥ የነበሩ ኦሮምኛ ተናጋሪ ታጋዮችንና ከደርግ ጦር የተማረኩ ወታደሮችን ይዞ ገባበት። አንበሳው ደርግ ነበር፤ ግንቦት 1983 ላይ ወደቀ። ነገር ግን ይህ ድር የተዘረጋው በእኩል ውጥረት አልነበረም። አንዱ ክር ከረጅም የትጥቅ ትግል የመጣ፣ ሌላው ገና የተፈተለ ነበር። «ተለጣፊ» የሚለው ቃል ኦሕዴድን ለዓመታት የተከተለው ከዚሁ የተነሳ ነው።

በሰኔ 1983ቱ የሽግግር ጉባኤ የኦሮሞ ነጻነት ግንባርም (ኦነግ) ገባ። 87 መቀመጫ ባለው የሽግግር ምክር ቤት ኢሕአዴግ 32፣ ኦነግ 12 ያዙ። አንድ ዓመት አልቆየም፤ በሰኔ 1984 ኦነግ ከምርጫው ወጣ፣ ከሽግግሩም ራቀ። የታሰረው አንበሳ ሲጠፋ ቀድሞ የተበጠሰው ይህ ክር ነው። ኦሕዴድ ግን በዚያ መበጠስ አተረፈ፤ የኦሮሚያ አስተዳደር በእጁ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቁጥር ማየት ይሻላል፤ ስለ ኢሕአዴግ ብዙ ሲወራ የሚረሳው ሒሳቡ ነው። የግንባሩ ምክር ቤት 180 አባላት ነበሩት፤ ሕወሓት 45፣ ብአዴን 45፣ ኦሕዴድ 45፣ የደቡቡ ደኢሕዴን 45። ሥራ አስፈጻሚው 36 ሲሆን ከየድርጅቱ 9 ነበር። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግን ከ547 መቀመጫ የኦሮሚያ ድርሻ 178፣ የአማራ 138፣ የትግራይ 38 ነው። ይህ ማለት በፓርላማ ብዛቱ ገዝፎ የሚታየው ድርጅት ወሳኙ ነገር በሚያልቅበት የግንባሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ አራተኛ ብቻ ነበር። ብቻውን ምንም ማሰር አይችልም። ከአንድ ሌላ ድርጅት ጋር ቢያብርም 90 ይሆናል፤ ከ180 ግማሽ እንጂ አብላጫ አይደለም። ሦስተኛ ክር፣ ወይም ከሌላው ክር የሚሰነጠቅ ድምፅ የግድ ነው። አምስቱ «አጋር» ድርጅቶች (የአፋር፣ የሶማሌ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የጋምቤላና የሐረሪ) በምክር ቤቱ ድምፅ አልነበራቸውም። በሸማኔ ቋንቋ ጥለት ነበሩ፤ ዳር ላይ ያምራሉ፣ ሸክም አይይዙም።

ሁለተኛውን አንበሳ የቀሰቀሰው ይህ የከተማ ዳር መሬት ነው። አዲስ አበባንና በዙሪያው ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ላይ ያቀደው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ አስነሳ። በኅዳር 2008 በአምቦ መንገድ ላይ ከምትገኘው ጊንጪ የተነሳው ሁለተኛው ማዕበል ደግሞ መላ ኦሮሚያን አዳረሰ። በጥር 2008 ኦሕዴድ ዕቅዱ መሰረዙን አስታወቀ። ውሳኔው ተቃውሞውን አላቆመውም፤ ነገር ግን ድርጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ከግንባሩ ወደ ክልሉ ማዞሩ የታየበት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመስከረም 2009 አቶ ለማ መገርሳ ሊቀመንበር ሆኑ፣ ብዙም ሳይቆዩ የክልሉን ፕሬዚዳንትነት ያዙ።

ከዚያ የመጣው «ኦሮማራ» የተባለው የኦሮሞና የአማራ ጥምረት ነው። የኦሮሞ ወጣቶች እምቦጭ የተባለውን የሐይቅ አረም ሊነቅሉ «ጣና ኬኛ» (ጣና የኛ) ብለው ወደ ጣና ወረዱ። በጥቅምት 2010 መጨረሻ አቶ ለማ የኦሮሚያን ልዑክ ይዘው ባሕር ዳር ገቡ፣ የአማራ ክልል ፕሬዚዳንት አቶ ገዱ አንዳርጋቸው ተቀበሏቸው። «ድር ቢያብር» በዚያ ሰሞን ከመድረክ እስከ ታክሲ ያልተባለበት ቦታ አልነበረም። አንበሳው ማን እንደሆነ ስሙ አይጠራም ነበር፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። በግንባሩ ውስጥ የሕወሓት ክንድ ከ45 መቀመጫው በላይ ይረዝማል የሚለው ቅሬታ ነው ሁለቱን ያቀራረበው።

የማሰሩ ሥራ ራሱ አርባ ቀን ገደማ ፈጀ፣ ደረጃም ነበረው። የካቲት 8 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አስገቡ። ሕገ መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል ስለሚል፣ የጨፌ (የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት) እንጂ የፓርላማ አባል ያልነበሩት አቶ ለማ መወዳደር አይችሉም። ስለዚህ የካቲት 15 ኦሕዴድ ሊቀመንበርነቱን ወደ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ አዞረ፤ አቶ ለማ ምክትል ሆኑ። ይህች ቦታ መቀያየር ባትኖር የባሕር ዳሩ ፍቅር ሁሉ ከንቱ ነበር። መጋቢት 18 የግንባሩ ምክር ቤት ሲመርጥ የብአዴኑ ሊቀመንበር አቶ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከውድድር አገለሉ። ውጤቱ ዶክተር ዐቢይ 108፣ የደኢሕዴኑ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ የሕወሓቱ ዶክተር ደብረጽዮን 2 ሆነ። 108 ከ90 በላይ ነው፤ ሁለቱ ድርጅቶች አንድ ሰው ሳይጎድል ድምፅ ቢሰጡ እንኳ 18 ድምፅ ከሌላ ክር መጥቷል። መጋቢት 24 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

እንግዲህ ታሰረ። ከዚያስ?

መስከረም 2011 ላይ ኦሕዴድ ጅማ ላይ ኦዴፓ፣ ብአዴን ባሕር ዳር ላይ አዴፓ ሆኑ። በዚያው ሰሞን ሐዋሳ ላይ ዶክተር ዐቢይ ከ177 ድምፅ 176 አግኝተው የግንባሩ ሊቀመንበር ሆነው ቀጠሉ። ከላይ ሲታይ ድሩ እንደዚያን ጊዜ ተወጥሮ አያውቅም። ግን በየካቲት 2011 መጨረሻ፣ እዚሁ ዳር ላይ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አንዱ ክር ላላ። የከተማው አስተዳደር ዕጣ ሲያወጣ ኦዴፓ በኦሮሚያ መሬት ላይ የተሠሩ ቤቶች የወሰን ጉዳይ ሳይፈታ አይተላለፉም የሚል መግለጫ አወጣ፤ በዙሪያው ከተሞች ሰልፍ ወጣ። ገንዘብ የቆጠበው ባለ ዕጣ በአንድ በኩል፣ ከመሬቱ የተነሳው ገበሬ በሌላ በኩል ቆመው፣ በመካከል የባሕር ዳሩ ጥምረት ተሸበሸበ። ይህ የማንም ክፋት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ድርጅቶች ያበሩት ስለ አንበሳው እንጂ ስለ ኮዬ ፈጬ አልነበረም።

ኅዳር 21 ቀን 2012 ብልጽግና ፓርቲ ሲፈረም ደግሞ ተረቱ ራሱ አይስማማም። ሦስቱ የግንባሩ አባላትና አምስቱ አጋሮች ስማቸውን ጥለው አንድ ፓርቲ ሆኑ፤ ሕወሓት አልገባም ብሎ ቀረ። ግንባር ማለት ክሩ ክር እንደሆነ የሚቆይበት ነው፤ ሊመዘዝ ይችላል፣ ዋጋም አለው። ውህደት ግን ጨርቅ ነው። ለዚህ አማርኛ ሌላ አባባል አለው፤ «ድርና ማግ ሆኑ» ይባላል፣ አንዱን ከሌላው መለየት እስኪያቅት ማለት ነው። በጨርቅ ውስጥ የቱ ክር ድር፣ የቱ ማግ እንደሆነ የሚወስነው ሸማኔው ነው። ተወጥሮ ሸክሙን የሚይዘው ማን ነው፣ የሚሞላውስ ማን ነው የሚለው ክርክር በፓርቲው ውስጥም ውጭም ተነሥቷል። አቶ ለማ ራሳቸው በዚያው ወር ለአሜሪካ ድምፅ ውህደቱ ያለ ጊዜው በችኮላ የሆነ ነው ብለው ተናገሩ፤ በነሐሴ 2012 ከመከላከያ ሚኒስትርነታቸው ተነሡ። ባሕር ዳር የሄደው ክር ከጨርቁ ተመዘዘ።

ስለ አጠቃቀሙ የሚቀረው ጥቂት ነው። ሰዎች ገና ሊተባበሩ ሲሰበሰቡ፣ የሚታሰረውም ከፊት ሲታይ «ድር ቢያብር» ቦታው ነው፤ ዕድርተኛው ለውኃ መስመር ሲያዋጣም ያስኬዳል። የተዋሐዱትን ሲያወድሱበት አያምርም፤ ለእነሱ «ድርና ማግ» አለ። ከአንዱ ወዳጅ ወደ ሌላው እያየ የሚኖረውን ለመግለጽ ደግሞ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይሻላል፤ ኦሕዴድ በ1984ም በ2010ም ያደረገው ለዚህኛው ይቀርባል የሚል ሰው ቢኖር ለመሟገት ያስቸግራል።