የመንገድ ዳር የታሪክ ምልክት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው በአሜሪካዋ ከተማ በሲያትል፣ አልካይ ባሕር ዳርቻ ካለው ሐውልት ሥር የተነሣውን ፎቶ ለጥፎ "ከተማዋን ከምንም ተነሥተው ያቀኑት እነዚህ ናቸው፣ ድንጋዩ ላይ ተጽፏል፣ አለቀ" ሲል አየሁ። አላለቀም! "ድንጋዩ ላይ ተጽፏል" የሚለውን ሙግት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት። ቀኑን ሙሉ የቆየ ሰነድ ሲያገላብጥ ለሚውል ሰው ያማል።

ምልክቱ እዚህ ቦታ ይህ ሆነ ብሎ የሚናገር ሰሌዳ ወይም ድንጋይ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ መኪና የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ችግሩ እንደ ዓይን ምስክር መቁጠራችን ነው። ለእኔ ለቅሶ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ነው የሚመስለኝ። ያ ወረቀት ውሸት የለበትም። የልደት ቀኑ ልክ ነው፣ የሠራበት መሥሪያ ቤትም ልክ ነው። ግን ያዘጋጀው ቤተሰቡ ነው። ሟቹ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር መካሰሱ አይነበብም። ከሌላ የወለደው ልጅ እዚያው ለቀስተኛው መሀል ቆሞ ስሙ ሳይጠራ ሊያልፍ ይችላል። ያንን ወረቀት ይዞ ርስት ልካፈል ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ግን የለም።

የአልካይ ድንጋይም እንደዚያው ነው። ኖቬምበር 13 ቀን 1851 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ኤግዛክት ከምትባል ባለ ሸራ መርከብ እዚህ ወረዱ ይላል። ልክ ነው። ድንጋዩ የቆመው ግን በ1905 ነው፣ ከ54 ዓመት በኋላ። የሰፋሪዎቹ መሪ አርተር ዴኒ ራሱ ከሞተ 6 ዓመት ሆኖት ነበር። ስለዚህ እያነበብን ያለነው የ1905 ሰዎች ስለ 1851 እንዲታወስላቸው የመረጡትን ነው። እኔ ማንኛውም ምልክት ጋ ስደርስ መጀመሪያ የማየው መቼ እንደቆመና ማን እንዳቆመው ነው።

ጠጋ ብላችሁ ስሞቹን እዩ። "አርተር ዴኒ እና ሚስት" ይላል። ሚስት! ሜሪ ዴኒ ያን ቀን በዝናብ፣ ገና ጣሪያ ወዳልለበሰ ጎጆ የመጣችው የሁለት ወር ከምናምን ልጅ ታቅፋ ነው። የሴቶቹ ስም የተጨመረው በ2001፣ 150ኛው ዓመት ሲከበር፣ በሌላ ሰሌዳ ነው። ስሙ ሳይጠራ የቀረው ልጅ የራሱን ወረቀት ይዞ መጣ እንደማለት።

አሁን ወደ "አቅኚ" ልምጣ፣ ዋናው የሚያናድደኝ እሱ ስለሆነ። ፓዮኒር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አቅኚ ብለን ስንተረጉም ቃሉ ሳናውቀው ፍርድ ይሰጣል። ማቅናት የጎበጠን ነገር ቀጥ ማድረግ ነው፤ አገሩ ከዚያ በፊት ጎብጦ ነበር ወይ? በእኛም ታሪክ "አገር ማቅናት" ምን ያህል እንደሚያከራክር የታወቀ ነው። እዚያ ባሕር ዳር የአገሩ ነባር ተወላጅ የሆነው የድዋሚሽ ሕዝብ ይኖር ነበር። የከተማዋ ስም ራሱ የአለቃቸው የሲያትል ስም ነው። የሜሪ ጡት ወተት ሲደርቅ ሕፃኑ በባሕር ቅርፊት ለበስ ፍጥረት መረቅ እንዲያድግ ያሳዩት የአገሩ ሴቶች እንደሆኑ በሲያትል ደጋግሞ ይተረካል። "ከምንም" የሚለው እንግዲህ የት ገባ?

ደግሞም አብዛኞቹ ሰፋሪዎች አልካይ አልቆዩም። በ1852 ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረው ዛሬ ፓዮኒር ስኩዌር ወደሚባለው ሰፈር ሄዱ። ከተማዋ ያደገችው ከዚያ ነው። "የሲያትል መወለጃ" ሲባል ይህንንም አስቡበት።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ምልክት የመንግሥት ቃል አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ለምሳሌ፣ በ1927 የጀመረ ትልቅ ፕሮግራም አለ፤ ጽሑፉን ስቴቱ ያጸድቃል፣ ወጪውን ግን የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ ይቁምልን ብሎ የጠየቀው ወገን ነው። ምልክት ስላለም ቦታው በሕግ የተጠበቀ ነው ማለት አይደለም። አጠገቡ ያለው አሮጌ ቤት ነገ ሊፈርስ ይችላል።

አልካይ ፎቶ ልትነሡ ከሄዳችሁ ተነሡ፣ ቦታው በጣም ያምራል። ስትመለሱ ግን በዌስት ማርጂናል ዌይ በኩል እለፉ። ድዋሚሾች በ2009 የከፈቱት ሎንግሃውስ (በባህላቸው የተሠራ ረጅም የእንጨት መሰብሰቢያ ቤት) እዚያው ዌስት ሲያትል ውስጥ ነው። ገብታችሁ የእነሱንም አንብቡ።