1200 ካሎሪ ለማን ነው?

ክብደት ልቀንስ ያለ ሰው ሁሉ «በቀን 1200 ካሎሪ ብቻ ብላ» ይባላል። ቁጥሩ ግን ግብ አይደለም። ሴቶች ያለ ሐኪም ክትትል ከዚህ በታች እንዳይወርዱ የሚቀመጥ ወለል ነው፤ ለወንዶች ደግሞ 1500 ገደማ ነው።

ዕድሜዋ 35፣ ክብደቷ 75 ኪሎ፣ ቁመቷ 160 ሳንቲሜትር የሆነች ሴት እንውሰድ። በተለመደው ስሌት ቀኑን ሙሉ ተጋድማ ብትውል እንኳ ሰውነቷ ለመተንፈስ፣ ለልብ ምት፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ ብቻ 1400 ካሎሪ አካባቢ ያቃጥላል፤ ቀላል እንቅስቃሴ ሲጨመርበት ወደ 1950 ይደርሳል። ከዚህ ላይ 500 ትቀንስ። 1450 መጣ። በዚህ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ፣ አንዳንዴም ያነሰ ትቀንሳለች። ቀርፋፋ ይመስላል፤ ግን በአንዴ በቀን ወደ 1000 ብትወርድ ከስቡ ጋር ጡንቻዋም ይሄዳል፣ ድካሙና ረሃቡም አያስቀጥላትም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ዘይት ላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ አለው። ሽሮው ላይ ከጠርሙሱ በግምት ሲንቆረቆር ሦስት ማንኪያ መሆኑ ምንም አይታወቅም፣ «የጾም ነው» ብሎ ነገር ደግሞ አያድንም። ለአንድ ሳምንት በማንኪያ ለኩት።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ ግን ይህን ስሌት ተዉትና መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ።