«ያልተጻፈ ሕግ» ምንድን ነው?

ይህን አባባል ያገነነው የግሪኩ ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክልስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ገደማ አቴንስ ላይ ያሳየው «አንቲጎኔ» የተባለው ትራጄዲ (አሳዛኝ ተውኔት) ነው። ታሪኩ ቴብስ በተባለች የግሪክ ከተማ ውስጥ ነው። የቀድሞው ንጉሥ የኤዲፐስ ሁለት ወንዶች ልጆች በዙፋን ተጣልተው ተጋደሉ፤ ሁለቱም ሞቱ። አጎታቸው ክሬዎን ነገሠ። ከሁለቱ ወንድማማቾች ኤቴዎክልስ በክብር ይቀበር አለ። የውጭ ጦር ይዞ የመጣው ፖሊኒከስ ግን የውሻና የአሞራ ሲሳይ ይሁን፤ አፈር ያለበሰው ይሙት!

እህታቸው አንቲጎኔ አለበሰችው። መቃብር እንኳን አልቆፈረችም፤ ደረቅ አፈር ነው የበተነችበት። ዘበኞቹ አፈሩን ጠርገው፣ ሽታውን ሸሽተው ጉብታ ላይ ተቀመጡ። ተመልሳ መጣች። ሬሳው ተገልጦ ስታይ፣ ጫጩቶቿን እንዳጣች ወፍ ጮኸች። እንደገና አፈር ስትበትን ተያዘች።

ክሬዎን «አዋጁን እያወቅሽ?» ሲላት መልሷ ይህን ይመስላል፦ አዋጁን ያወጣው የአማልክት አለቃ ዜውስ አይደለም፤ የሰው ቃል ያልተጻፈውን የአማልክት ሕግ አይሽርም፤ መቼ እንደወጣም የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ይህን «ሕሊናዬ አልፈቀደም» ብለን እንተረጉመዋለን። የእሷ ግን ከዚያ ይልቅ የተጨበጠ ነገር ነው፦ ሟች ይቀበራል፣ የሚቀብረውም ቤተሰቡ ነው። አቴንስ ውስጥ ሬሳ ማጠብና ሙሾ ማውጣት የሴቶች ድርሻ ነበር። አዋጁ የከለከላት የገዛ ሥራዋን ነው።

ክሬዎንም ዝም ብሎ እብድ አይደለም። ከተማዋ ከጥፋት የተረፈችው ገና ትናንት ነው። አቴንስ ራሷ ከሃዲ በግዛቷ በአቲካ መሬት እንዳይቀበር ትከለክል ነበር። ከድንበር ማዶ መቅበርን ግን ሕጉ አልከለከለም። ክሬዎን የደፈነው ይችን ቀዳዳ ነው።

አንባቢ የሚቸገረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ከነሕይወቷ ዋሻ ውስጥ እንድትዘጋ ተፈርዶባት ወደ ሞቷ ስትሄድ፣ ለባል ወይም ለልጅ ቢሆን ይህን አላደርግም ነበር ትላለች። ባልም ልጅም ይተካል፤ እናትና አባት ከሞቱ ወንድም ከየት ይመጣል? ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ እ.ኤ.አ. በ1827 ይህ ክፍል የሶፎክልስ እንዳልሆነ ቢረጋገጥለት እንደሚወድ ተናግሯል። እኔ ግን ባይኖር ቅር ይለኝ ነበር። ልጅቷ ፈላስፋ አይደለችም፤ ወንድሟ የሞተባት ሰው ናት።

መጨረሻ ላይ ክሬዎን ይፈራል። የከተማዋ ሽማግሌዎች ቅደም ተከተሉን ነግረውታል፦ መጀመሪያ ልጅቷን ከዋሻው አውጣ፣ ከዚያ ሬሳውን ቅበር። እሱ ገለበጠው። ፖሊኒከስን አጥቦ፣ አቃጥሎ፣ አፈር ከምሮበት ዋሻው ሲደርስ አንቲጎኔ ራሷን ሰቅላለች። እጮኛዋ፣ የክሬዎን ልጅ ሄሞን፣ አስከሬኗን አቅፎ ያለቅሳል።