«አብቃቃና ጣፍ»፦ በ1940ዎቹ እንግሊዝን ያለበሰ አባባል

«ሜክ ዱ ኤንድ ሜንድ» ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዞች ከቀሩላቸው አባባሎች አንዱ ነው። አራት አጫጭር ቃላት ናቸው፤ ቃል በቃል ልተርጉማቸው ያለ ሰው ግን ገና ከመነሻው ይደናቀፋል። «ሜክ» መሥራት፣ «ዱ» ማድረግ፣ «ሜንድ» መጠገን ብሎ ቢነሳ «ሥራ፣ አድርግ፣ ጠግን» የሚል ትርጉም የሌለው ነገር ይዞ ይቀራል። ምሥጢሩ ያለው «ዱ» ላይ ነው። እዚህ ቦታ «ዱ» ማለት «ይበቃል» ማለት ነው። «ተወው፣ ይሄ ይበቃኛል» ሲሉ የሚጠቀሙበት ያው ግሥ ነው። ስለዚህ «ሜክ ዱ» ማለት «ያለህ ነገር እንዲበቃህ አድርገው» ነው።

ለዚህ ደግሞ አማርኛ ቃል አለው። «በቃ» ከሚለው ግሥ «አብቃቃ» ይወጣል። ድንገት እንግዳ መጥቶባት ለሦስት ሰው የሠራችውን ወጥ ለስድስት ሰው ያዳረሰች እናት «አብቃቃችው» ትባላለች። እንግሊዝኛው ሁለት ቃል አጋጥሞ የሚለውን አማርኛው በአንድ ግሥ ይጨርሰዋል። «ሜንድ» ማንኛውንም ጥገና የሚሸፍን ቃል ቢሆንም እዚህ የሚናገረው ስለ ልብስ ስለሆነ እኛ መጣፍ፣ መጥቀም፣ መድረት የምንላቸውን ሁሉ ያቅፋል። እኔ «አብቃቃና ጣፍ» ብዬ እተረጉመዋለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባባሉ ከጦርነቱ በፊት የቅርብ ዘመድ ነበረው። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች ላይ «ሜክ ኤንድ ሜንድ» የሚባል ግማሽ ቀን ነበር። መርከበኞቹ ከዕለት ሥራቸው ተለቀው፣ መርፌና ክር ይዘው፣ ልብሳቸውን የሚሰፉበትና የሚጠግኑበት ጊዜ ነው። ወራት በባሕር ላይ ለሚቆይ ሰው ልብስ ሰፊ ከየት ይመጣል? የመርከቡን ሸራ የሚጠግን እጅ የራሱንም ሱሪ ይጠግናል። በኋላ ተሰፍቶ ያለቀ የደንብ ልብስ ሲመጣ መርፌው ቀረ፤ ስሙ ግን አልቀረም። ዛሬም በባሕር ኃይሉ ቋንቋ «ሜክ ኤንድ ሜንድ» የግማሽ ቀን እረፍት ማለት ነው። በመርከቡ አነጋገር «ሜክ» አዲስ ልብስ መስፋት ነበር። በጦርነቱ ዘመን አባባል ውስጥ «ዱ» ስትገባ አዲስ መስፋት ቀርቶ ያለውን ማብቃቃት ሆነ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቤት የደረሰበትን ለውጥ ያቺ አንዲት ቃል ትናገራለች።

ሰኔ 1 ቀን 1941 እሑድ ነበር። የንግድ ቦርዱ (የንግድ ሚኒስቴር ማለት ነው) ፕሬዚዳንት ኦሊቨር ሊተልተን በጠዋት በሬዲዮ ቀርበው ከዚያች ዕለት ጀምሮ ልብስና ጫማ በኩፖን ብቻ እንደሚሸጥ ተናገሩ። ነገሩ አስቀድሞ ቢሰማ ሕዝቡ ሱቆቹን ያራቁታል ተብሎ ስለተፈራ በምሥጢር ተይዞ ነበር። ምሥጢሩ እንዳይወጣ ሲባል የልብስ ኩፖን እንኳ አልታተመም፤ በምግብ ራሽን ደብተሩ ውስጥ ትርፍ የነበሩት የማርጋሪን ኩፖኖች ለልብስ እንዲያገለግሉ ተደረገ። ምግብ ከጥር 1940 ጀምሮ በራሽን ስለነበር ደብተሩ በየቤቱ አለ። ሊተልተን በኋላ እንደተረኩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል ሐሳቡን አጥብቀው ተቃውመውት ነበር። ሕዝባቸው ቡትቶ ለብሶ ማየት አልፈለጉም። በመጨረሻ እሺ ያሉት ቢስማርክ የተባለችው የጀርመን የጦር መርከብ በምትታደንበት ሰሞን፣ ሐሳባቸው ሁሉ ባሕር ላይ ሳለ ነው።

አጼ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 ጀምሮ በባዝ ከተማ ፌርፊልድ ሃውስ በተባለ ቤት በስደት ኖረው በ1940 ከእንግሊዝ ወጥተዋል። አዲስ አበባ የገቡት ግንቦት 5 ቀን 1941 ነው። ያስጠጋቸው ሕዝብ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኮቱን በኩፖን መግዛት ጀመረ። ባዝ ራሷ በሚያዝያ 1942 በጀርመን አውሮፕላኖች ተደበደበች። ቤቱ ከነቁምሳጥኑ ለተቃጠለበት ሰው ተጨማሪ ኩፖን ይሰጥ ነበር።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ጥጡም፣ ሐሩም፣ ብዙው ሱፍም በመርከብ የሚመጣ ነው፤ መርከቦቹን ደግሞ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ያሰጥሙ ነበር። የተረፈው ጨርቅ ለወታደር ልብስ፣ ለድንኳንና ለፓራሹት ይሄዳል። ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሠራተኛም ጥይትና አውሮፕላን ወደሚሠራበት ፋብሪካ ይፈለጋል። ሊተልተን በዚያ ሬዲዮ ንግግራቸው አሮጌ ልብሱን እየጠገነ የሚለብስ ሰው ከአንድ አውሮፕላን ወይም ከአንድ ታንክ ላይ የሆነች ክፍል እንዳዋጣ ይቆጠራል ብለው ነበር።

የአባባሉ ክብደት የሚታየው ግን ከሒሳቡ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው የተሰጠው 66 ኩፖን ነው። አንድ ወንድ ሙሉ ልብስ ልግዛ ቢል ለኮቱ 13፣ ለሱሪው 8፣ ለሰደርያው 5፣ በድምሩ 26 ኩፖን ይከፍላል፤ ጫማ ሲጨምርበት ሌላ 7። ለሴት የሱፍ ቀሚስ 11፣ ጫማ 5፣ አንድ ጥንድ ስቶኪንግ (ስስ፣ ረጅም የሴት ካልሲ) 2 ኩፖን ነው። ኩፖኑ ደግሞ ገንዘብን አይተካም፤ ዋጋው ለብቻው ይከፈላል። የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ፣ የክረምት ካፖርት ሁሉ የሚወጣው ከዚያችው ደብተር ነው። በ1942 ኩፖኑ ወደ 48፣ በ1943 ወደ 36 ወረደ። በደርግ ዘመን በቀበሌ የኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና በኩፖን ለማግኘት የተሰለፈ አንባቢ ይህን ሒሳብ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ታዲያ በ1943 የንግድ ቦርዱ፣ በዚያ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ የነበሩት ሂዩ ዳልተን መቅድም የጻፉለት፣ «ሜክ ዱ ኤንድ ሜንድ» የሚል ርእስ ያለው ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። አባባሉን በየቤቱ ያስገባው ይህ መጽሐፍና አብሮት የሄደው ዘመቻ ነው። በማስታወቂያዎቹ ላይ ወይዘሮ «ሶው ኤንድ ሶው» የተባለች አሻንጉሊት ትታይ ነበር። እንግሊዞች «እከሌ፣ እከሊት» ለማለት የሚጠቀሙበት ሐረግና «መስፋት» የሚለው ቃላቸው አንድ ዓይነት ድምፅ ስላላቸው ስሟ ሁለቱንም ይናገራል፦ ሰፊዋ ወይዘሮ እከሊት።

የመጽሐፉ ምክር የቤት እመቤት ዕውቀት ነው፤ እኔ በአክብሮት ነው የማነበው። ጨርቁ ሳይቀደድ ገና ሲሳሳ ጥቀሙት ይላል። ያረጀ ሹራብ ተተርትሮ፣ ክሩ ታጥቦና ተዘርግቶ እንደገና ይሠራል። ክርኑ ላይ ያለቀ ኮት ቁራጭ ቆዳ ይጣፍበታል። የሸሚዝ ኮሌታ አንገት የሚነካው ጎን ሲበላ ተፈትቶ ይገለበጥና ያልተነካው ወደ ውጭ ይወጣል። ይህን የእኛም አገር ልብስ ሰፊዎች አሳምረው ያውቁታል፤ ኮሌታ ማስገልበጥ በአዲስ አበባ የታወቀ ሥራ ነበር። ባሏ የዘመተባት ሴት የእሱን ሱፍ ልብስ ለራሷ ኮትና ጉርድ አድርጋ ትቆርጠው ነበር። መቀሱን ከማንሳቷ በፊት ግን «ሲመለስ ይፈልገው ይሆን?» ብላ ማሰብ ነበረባት። ይህች ጥያቄ ልቤን ትነካኛለች። ልብሱን መቁረጥ ተስፋ መቁረጥ ሊመስል ይችላል፤ አለመቁረጥ ደግሞ ራስን ለብርድ መስጠት ነው።

የሴቶች በጎ ፈቃድ አገልግሎት የተባለው ማኅበር የልጆች ልብስ መለዋወጫ ቦታዎች ከፍቶ ነበር። አንዷ እናት ለልጇ የጠበበውን ታመጣለች፤ ሌላዋ ያመጣችውን ሰፋ ያለ ትወስዳለች። ኩፖን አይጠየቅም።

እስካሁን ያልኩት ስለ መርፌ ነው፤ አባባሉን ያጸናው ግን የመርፌ ጥበብ ብቻ አይመስለኝም። በእኛም ባህል ድሪቶ መልበስ የድህነት ምልክት ነው፤ ሰው ጥፉን ከሰው ዓይን ይሸሽጋል። በእንግሊዝም እንደዚያው ነበር። ከ1941 በኋላ ግን የሀብታሙም የድሃውም ደብተር አንድ ዓይነት ኩፖን ስለያዘ ጥፍ የሁሉም ሆነ። እኩልነቱ ሙሉ ነበር ማለቴ አይደለም። ጦርነቱ ሲመጣ ቁምሳጥኑ በጥሩ ሱፍ የተሞላ ሰው ከአንድ ኮት በላይ ካልነበረው ሰው ጋር እኩል 66 ኩፖን ሲቀበል፣ አንደኛው ለዓመታት የሚለብሰው አለው፣ ሌላኛው የለውም። ድሃ የሚገዛው ርካሽ ጨርቅም ቶሎ ያልቃል፤ ኩፖኑን እንደገና ይበላዋል።

መንግሥት ለዚህ መልስ የሰጠው «ዩቲሊቲ» በተባለው ልብስ ነው። የጨርቁ ጥራትና ዋጋው በሕግ ተወስኖ፣ «ሲሲ41» የሚል ምልክት ተደርጎበት ይሸጥ ጀመር። ምልክቱ ላይ ያሉት ሁለት ክቦች ቁራሽ የተነሳለት ክብ የፈረንጅ አይብ ስለሚመስሉ ሰዉ «አይቦቹ» ይላቸው ነበር። በ1942 እንደ ኖርማን ሃርትኔልና ሃርዲ ኤሚስ ያሉ ስመ ጥር የለንደን ዲዛይነሮች ለዚሁ ልብስ ንድፍ ሠሩ። ለንጉሣውያን ቤተሰብ የሚሰፋ ሰው ለፋብሪካ ሠራተኛ ቀሚስ ነደፈ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የቁልፍ፣ የኪስና የሽንሽን ብዛት በደንብ ተወሰነ፤ ጥልፍ ቀረ፤ ደራርቦ የሚቆለፍ ኮት ተከለከለ፤ የወንድ ሱሪም ግርጌው ላይ እንዳይታጠፍ ታዘዘ። ወንዶቹን ከሁሉ ያስቆጣቸው ይህ የመጨረሻው ነው። ብዙዎቹ ሆን ብለው ረዘም ያለ ሱሪ እየገዙ ቤታቸው ያሳጥፉት ነበር፤ ክልከላው በ1944 ተነሳ።

የሴቶቹ ጭንቀት ስቶኪንግ ነበር። ሐር ለፓራሹት ሄዷል። ናይሎን ስቶኪንግ በአሜሪካ ሱቆች በሰፊው መሸጥ የጀመረው በግንቦት 1940 ነው፤ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ እሱም ለፓራሹትና ለገመድ ተወሰደ። እንግሊዛዊቷ ወጣት እግሯን በሻይ ወይም በመረቅ ማቅለሚያ ቀብታ፣ ስቶኪንግ የለበሰች እንድትመስል ከኋላ የስቶኪንግ ስፌት የሚመስል መስመር በቅንድብ እርሳስ ታሰምራለች። መስመሩን ብቻዋን ማስመር ስለሚያስቸግራት እህቷ ወይም ጎረቤቷ ትረዳታለች። ፋብሪካ የምትሠራዋ ጸጉሯ ማሽን እንዳይገባ በሻሽ ትጠመጥመዋለች፤ ያ የሥራ ሻሽ የዘመኑ ፋሽን ሆነ።

አባባሉ የሚሸፍነውም ነገር አለ። «አብቃቃ» ሲባል የታዘዘችው ማን ናት? ከታኅሣሥ 1941 ጀምሮ መንግሥት ያላገቡ ወጣት ሴቶችን ለጦርነቱ አገልግሎት በሕግ ይጠራ ነበር፤ ያገቡትም በብዙ ቁጥር ሥራ ገብተዋል። ቀን ፋብሪካ ውላ፣ ለሥጋና ለዳቦ ተሰልፋ፣ ማታ መስኮቱን በጥቁር መጋረጃ ጋርዳ ካልሲ የምትጠቅመው ያችው ሴት ናት። መርፌው የመርከበኛ በነበረ ጊዜ ግማሽ ቀን ይሰጠው ነበር። ለእሷ ግማሽ ቀን የሰጣት የለም። ይህ ሲረሳ አባባሉ የሻይ ኩባያ ላይ የሚታተም ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጦርነቱ ሲያበቃም ኩፖኑ አላበቃም። ከመስከረም 1945 እስከ ሚያዝያ 1946 ላሉት 8 ወራት የተሰጠው 24 ኩፖን ብቻ ነበር፤ ድል አድርጎም የተጣፈ ልብስ የለበሰ ሕዝብ ነው። ትርፍ የፓራሹት ጨርቅ ያለ ኩፖን መሸጥ ሲጀምር ሴቶች ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮቹን እያጋጠሙ የውስጥ ልብስና የሠርግ ቀሚስ ሰፉበት። የካቲት 1947 ክርስቲያን ዲዮር በፓሪስ ወገቡ የጠበበ፣ ጉርዱ ብዙ ሜትር ጨርቅ የሚፈጅ አዲስ ፋሽን ሲያሳይ በለንደን ያሉ ባለሥልጣናት ብክነት ነው ብለው ተቆጡ። ሴቶቹ ግን ዓይናቸውን ከሥዕሉ ላይ መንቀል አልቻሉም። ስድስት ዓመት ሲያብቃቁ ለኖሩ ሰዎች ያ ሰፊ ጉርድ ምን ማለት እንደነበር መገመት አያዳግትም። የልብስ ራሽን የተነሳው መጋቢት 15 ቀን 1949 ነው።

ዛሬ አባባሉ ሁለት ቤት አለው። በዕለት ንግግር «ሜክ ዱ» ብቻውን ይሄዳል፤ መኪና ተበላሽቶ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው «ለጊዜው በዚህ እናብቃቃ» ለማለት ይጠቀምበታል። ሙሉው «ሜክ ዱ ኤንድ ሜንድ» ግን ኑሮ ሲከብድ ይመለሳል፤ ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ተመልሶ ነበር፤ አሁን ደግሞ የልብስ ብክነት የሚያሳስባቸው ወጣቶች መርፌ ሲማሩ ይሉታል። እኛ ዘንድ አሮጌ ልብስ «ሰልባጅ» ይባላል። እንግሊዞች በዚያው ጦርነት ቁራጭ ብረቱን፣ ወረቀቱንና ጨርቁን ከየቤቱ ሲሰበስቡ የጠሩት «ሳልቬጅ» ብለው ነበር፤ የቃሉን ዝምድና ጆሮ ራሱ ይለየዋል።

ከዘዴዎቹ ሁሉ ግን እኔን የሚይዘኝ የአንሶላው ነው። አንሶላ የሚያልቀው ሰው በሚተኛበት መኻሉ ላይ ነው፤ ጠርዞቹ ደህና ናቸው። እናት መኻል ለመኻል ትቀደዋለች፣ ያልተነኩትን ሁለቱን ጠርዞች ወደ መኻል አምጥታ ትሰፋቸዋለች፣ የሳሳው አሁን ጠርዝ ሆኖ ከፍራሹ ሥር ይታጠፋል። አንሶላው ሌላ ጥቂት ዓመት ያገለግላል። በመኻሉ ላይ፣ ልጁ በጀርባው በሚተኛበት ቦታ፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ የምትሄድ አንዲት የምትቆረቁር ስፌት ትቀራለች።