አርት ቴራፒ፣ ስሜቱን ለይቶ መናገር ለሚያቅተው ሰው፦ ከጎጃም ሆነን ስናየው

አርት ቴራፒ ሰው በቀለም፣ በከሰል፣ በጭቃ፣ በወረቀት ቁርጥራጭ ምናምን የሆነ ነገር እየሰራ ከሰለጠነ ባለሙያ ጋር ሚያደርገው የስነልቦና ህክምና ነው። የስዕል ትምህርት አይደለም፣ አሳምሮ መሳልም አይጠበቅም። ስሙን ያወጣው አድሪያን ሂል ሚባል እንግሊዛዊ ሰዓሊ ነው፣ ቲቢ ይዞት ሳናቶሪየም (የቲቢ ማገገሚያ ሆስፒታል) ተኝቶ እያለ መሳሉ ስለረዳው ለሌሎቹም ህመምተኞች ማሳየት ጀመረ፣ ቃሉ ከሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። አሜሪካ ውስጥ ደሞ ማርጋሬት ናውምበርግና ኢዲት ክሬመር በየፊናቸው አሳደጉት፣ ናውምበርግ ስዕሉ ለንግግሩ በር ይከፍታል ስትል ክሬመር መስራቱ ራሱ ነው ሚያሽለው ባይ ነበረች፣ ክርክሩ አሁንም አልሞተም።

ስሜቱን መለየት ሚያቅተው ሰው ያለበትን ነገር ባለሙያዎቹ አሌክሲታይሚያ ይሉታል። ፒተር ሲፍኒዮስ ሚባል የስነአእምሮ ሀኪም በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሰየመው ነው። ለብቻው እንደ በሽታ አይመዘገብም፣ የሰው ባህርይ አይነት ነገር ነው፣ ከ10 ሰው አንዱ ላይ በጉልህ እንደሚታይ ይገመታል፣ ኦቲዝም ወይ ከአደጋ በኋላ ሚመጣ ጭንቀት ያለባቸው ጋ ደሞ ከዚህ በጣም ይበዛል። ሚለካው 20 ጥያቄ ባለው የቶሮንቶ መጠይቅ ሲሆን 61 እና ከዛ በላይ ያመጣ አለበት ይባላል።

ጎጃም ላይ ግን መለየት ያለበት ነገር አለ። "ሆድ ይፍጀው" ብሎ ዝም ያለ ሰው አሌክሲታይሚያ የለበትም፣ እሱ ያውቀዋል፣ አላወጣውም እንጂ። ባለፈው አመት ልጁን የቀበረ ገበሬ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል፣ ነርሷ "አባቴ ምን ይሰማዎታል?" ስትለው "ራሴን ይወጋኛል ልጄ፣ ሆዴንም ይነፋኛል" ይላል፣ "ሀዘኑ ነው ይሆን?" ስትለው "ኧረ እሱማ አለፈ" ይላል። ይሄ ሰው ደብቆ ነው ወይስ እውነት ራስ ምታቱና ሀዘኑ አልተገናኙለትም? በአንድ ቀን ጥያቄ አይታወቅም፣ በፓራሲታሞል ሚመለሰውም ለዚህ ነው። ካርዱ ላይ ራስ ምታት ተብሎ ተፅፎ አለቀ።

አርት ቴራፒ እዚህ ጋ ሚጠቅመው "ምን ተሰማህ" ከሚለው ስለማይጀምር ነው። አንዱ የተለመደ አሰራር ሰውየው በትልቅ ወረቀት ላይ የሰው ገላ ቅርፅ ተስሎ ይሰጠውና የከበደው፣ የሚያቃጥለው፣ የቀዘቀዘው ቦታ ላይ ቀለም ያደርጋል። ደረቱ ላይ ጥቁሩን ደጋግሞ እየፈተገ ወረቀቱን ሊቀደው ከደረሰ ባለሙያው "ተናደሃል ማለት ነው" አይልም፣ ሊልም አይገባም፣ "እዚህ ጋ እጅህ ጠነከረ አይደል" ብቻ ነው ሚለው፣ ቃሉ ከሰውየው እስኪመጣ ሳምንታትም ሊፈጅ ይችላል። ካጊንና ሉስብሪንክ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት አካሄድ አለ፣ ከእጅ እንቅስቃሴና ከመዳሰስ ይነሳና ወደ ቅርፅና ስሜት፣ ከዛ ወደ ሀሳብና ምልክት ይወጣል፣ ቃል ለጠፋበት ሰው ከታችኛው መነሳት ይሻለዋል ይላሉ ብዙዎቹ። የሚፈስ ቀለም ቶሎ ስሜት ስለሚያናውጥ ለፈራ ሰው መጀመሪያ እርሳስ ይሰጠዋል።

በስዕል መታከም ራሱ ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም እኮ። ደብተራ በበሽተኛው ቁመት ልክ ብራና ቆርጦ መላእክትና ትልልቅ አይኖች ስሎበት ጸሎት ጽፎ ክታብ ይሰጠው ነበር። ልዩነቱ ብዕሩ ማን እጅ ነው ያለው ሚለው ነው፣ እዛ በሽተኛው ያያል ይታቀፋል፣ እዚህ ራሱ ይስላል። ለቅሶ ላይም አልቃሿ ሙሾ እየደረደረች ለሀዘንተኛው ቃል ታበድረዋለች፣ እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ግን የራሱ ስሜት ለጠፋበት ሰው የተበደረው ቃል የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ስለዚ ከውጪ መጥቶ እንዳለ ሚተከል ነገር አይደለም። ጭቃን ውሰዱ፣ አውሮፓ ላይ ጭቃ ማቡካት ሰው ሚወደው ነገር ነው፣ እኛ ጋ ደሞ ሸክላ ሰሪ "ቡዳ" እየተባለ ሲገለል የኖረበት ሀገር ነው፣ አንድ አዛውንት ፊት ጭቃ ስታቀርብለት ሀፍረትም አብረህ አቀረብክለት ማለት ነው፣ በዛ ላይ መሳል የልጅ ስራ ነው ሚል አለ። ለእናቶች ስንደዶ፣ አክርማና ወስፌ ብትሰጣቸው ግን እጃቸው ያውቀዋል፣ ቀለሙንም ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ችግሩ ስፌት የታወቀ ጌጥ ስላለው እጅ ልማዱን ብቻ ሊሰራና ሴትየዋ ምንም ሳታወጣ ልትጨርስ ትችላለች፣ እዛ ላይ ባለሙያው ነቃ ማለት አለበት።

የተሰሩት ጥናቶች ብዙዎቹ ጥቂት ሰው ላይ ስለሆኑ ተስፋ ሰጪ ቢሆኑም ይፈውሳል ብሎ መሸጥ ነውር ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በመጣው ጦርነት ብዙ ያየ ሰውን ያልሰለጠነ ሰው "እስቲ ያየኸውን ሳል" ቢለው ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። ጠበል ሚሄዱትም፣ ጊሽ ዓባይም ይሁን ሌላ፣ ጠበሉን ተው ሳይባሉ ጎን ለጎን ይከታተሉ፣ የታዘዘ መድሃኒት ካለም አያቋርጡ።

ደሞ ስዕሉ የሰውየው ነው። እንደ ህክምና ካርድ በምስጢር ይያዛል፣ ለቤተሰብም ያለፈቃዱ አይታይም፣ በፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍማ ጭራሽ፣ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት እንደ ቢቸና ወይ ሞጣ ባለ ከተማ ስም ባይፃፍበትም የማን እንደሆነ እስከ ማታ ይታወቃል።